ያረጀ ሾክ አብዞርበርን ስለ መቀየር፦ ከአሮጌ ቮልስዋገን የምንማረው



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ የመኪና ዕቃ ነው፤ ስለ ሾክ አብዞርበር። ርእሱ ለሕዝብ ንግግር ጠባብ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በክፍል ውስጥ የምናስተምረው የመወዛወዝ ንድፈ ሐሳብ፣ በጋራዥ ውስጥ የሚሠራው የእጅ ሙያና በመንገድ ላይ ያለው የሰው ሕይወት በዚህ ዕቃ ላይ ስለሚገናኙ አንድ ምሽት ሊሰጠው የሚገባ ነው። ማስረዳት የምሻው ቁም ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ሾክ አብዞርበር የሚያረጀው ቀስ በቀስ ነው፤ አሽከርካሪውም እርጅናውን ቀስ በቀስ ይለምደዋል። ስለዚህ ማርጀቱን በስሜት ሳይሆን በምርመራ ልናውቀው ይገባል፤ መቀየሩም አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን ከማሰር ያለፈ ማስተዋል ይጠይቃል።

ለምሳሌነት የመረጥሁት ሞተሩ ከኋላ የሆነውን አሮጌውን ቮልስዋገን ነው፤ ጀርመኖች «ጥንዚዛ» የሚሉትን። ይህ መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቶ፣ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2003 በሜክሲኮ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጥቷል። በብዙ አገሮች የሰብሳቢዎች ንብረት ሆኗል፤ በአዲስ አበባ ግን ዛሬም ለዕለት ሥራ ሲውል እናየዋለን። ስለዚህ የምንነጋገርበት ጉዳይ የሙዚየም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከዚህ በኋላ ለማሳጠር ያህል ዕቃውን፣ ሜካኒኮች እንደሚሉት፣ «ሾክ» እያልሁ እጠራዋለሁ።

ስሙና ሥራው

ስሙ ቃል በቃል ሲፈታ «ምትን የሚውጥ» ማለት ነው። ይህ አሳሳች ነው። ጎማ ጉድጓድ ሲመታ ምቱን በመጀመሪያ የሚቀበለው በአየር የተሞላው ጎማ ራሱ ነው፤ ቀጥሎ ሞላው ነው። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመውም ሞላው እንጂ ሾኩ አይደለም። በአሮጌው ቮልስዋገን ላይ ሞላው እንደ ሌሎች መኪኖች ጥምዝምዝ ሽቦ ወይም ባሌስትራ አይደለም። ከፊት በሁለት አግዳሚ ቱቦዎች ውስጥ የተደራረቡ ጠፍጣፋ ብረቶች፣ ከኋላ ደግሞ ክብ ዘንጎች እየተጠመዘዙ የሞላን ሥራ ይሠራሉ። ይህ ፌርዲናንድ ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1931 የባለቤትነት መብት ለማግኘት ያመለከተበት አሠራር ነው።

ታዲያ የሾኩ ድርሻ ምንድን ነው? ሞላ ጉልበትን ያከማቻል እንጂ አያጠፋም፤ የተቀበለውን መልሶ ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተጨመቀ ሞላ መኪናውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ መኪናው ተመልሶ ይወርዳል፤ ደግሞ ይነሣል። ይህን ጉልበት ወደ ሙቀት ለውጦ የሚያስወግደው ሾኩ ነው። በውስጡ ዘይት የያዘ ሲሊንደርና በሲሊንደሩ ውስጥ የሚመላለስ ፒስተን አለ። በፒስተኑ ላይ ጠባብ ቀዳዳዎችና ቫልቮች አሉ። ዘይቱ በእነዚህ ጠባብ መንገዶች ተገፍቶ ሲያልፍ ይሞቃል፤ ሙቀቱም በሲሊንደሩ ግድግዳ በኩል ወደ አየር ይወጣል። በኮረኮንች መንገድ ረጅም ጉዞ ያደረገ መኪና ሾኮቹ ሞቀው የሚገኙት ለዚህ ነው።

ሾክ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል አይቋቋምም። በአብዛኛው ሲዘረጋ የሚኖረው መቋቋም ሲጨመቅ ከሚኖረው ይበልጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጎማው ጉብታ ሲወጣ ሾኩ እጅግ ቢጠነክር ምቱን በቀጥታ ወደ መኪናው አካል ያስተላልፋል። ሞላው ሲመለስ ግን የተከማቸው ጉልበት መገታት አለበት። ይህ ሚዛን ለእያንዳንዱ መኪና ክብደትና ሞላ ተለክቶ የሚወሰን ነው፤ ወደ ምርጫ ስንደርስ እንመለስበታለን።

ጉዳቱ በቁጥር ሲታይ

ለስሌት እንዲመቸን አንድ መኪና በሞላው ላይ በሰከንድ 1.2 ጊዜ ይወዛወዛል እንበል። ጉድጓድ ካለፈ በኋላ አካሉ ከተፈጥሯዊ ቦታው 5 ሴንቲ ሜትር ርቋል። ሾኮቹ ጤነኛ ሆነው የማርገብ ምጣኔያቸው 0.3 ቢሆን፣ ከአንድ ሙሉ ውዝዋዜ በኋላ የሚቀረው 0.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። መኪናው ጉድጓዱን ረስቶታል ማለት ይቻላል። ሾኮቹ አርጅተው ምጣኔው ወደ 0.1 ቢወርድ ግን ከአንድ ውዝዋዜ በኋላ 2.7፣ ከሁለት በኋላ 1.4 ሴንቲ ሜትር ይቀራል፤ ጤነኛው በአንድ ውዝዋዜ የደረሰበትን ይህኛው ለመድረስ ሦስት ያህል ያስፈልጉታል። ሦስት ውዝዋዜ 2.5 ሰከንድ ይወስዳል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በዚህ ጊዜ 35 ሜትር ያህል ይሄዳል።

በእነዚህ 35 ሜትሮች ውስጥ በየጎማው ላይ ያረፈው ክብደት ከፍ ዝቅ ይላል። ጎማ መንገዱን የሚይዘው በተጫነበት ክብደት መጠን ነው፤ ክብደቱ ሲቀል የሚያጣው አያያዝ፣ ሲከብድ ከሚያገኘው ይበልጣል። ስለዚህ አሽከርካሪው በዚህ መካከል ፍሬን ቢይዝ መኪናው ከሚገባው በላይ ርቆ ይቆማል፤ መሪ ቢያዞርም ምላሹ ይዘገያል። ፍሬኑ አዲስ ሊሆን ይችላል፤ ጎማውም አዲስ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም የሚሠሩት ግን ጎማው መሬት እስከረገጠ ድረስ ብቻ ነው።

ሁለተኛም ነገር አለ። ጎማው ራሱ፣ ከአካሉ ተለይቶ፣ በጎማው ልስላሴና በሞላው መካከል በፍጥነት ይነጥራል፤ ይህ በተለመዱ መኪኖች በሰከንድ 10 ወይም 12 ጊዜ አካባቢ ነው። የጥርብ ቅርጽ ያወጣ የጠጠር መንገድ እናስብ፤ በሞገዶቹ መካከል 70 ሴንቲ ሜትር ርቀት አለ እንበል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 12 ያህል ሞገዶችን ይረግጣል፤ ይህም ከጎማው የራሱ ንጥረት ጋር ይገጥማል። ሾኩ ካላረገበው ጎማው ከመሬት እየተነሣ ይሄዳል፤ አሽከርካሪው የሚሰማው ግን ጩኸትና መንቀጥቀጥ ብቻ ነው፤ ችግሩን የሚያውቀው ኩርባ ላይ ሲደርስ ነው።

በአሮጌው ቮልስዋገን ላይ ጉዳዩ ይከብዳል። ብዙዎቹ ሞዴሎች የኋላ አክስላቸው ከካምቢዮው አጠገብ ብቻ የሚታጠፍ ስለሆነ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ሲሄድ ዘንበልታው አብሮ ይለዋወጣል። የመኪናው የኋላ አካል ሲነሣ ጎማዎቹ ከታች ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ መሬት የሚይዙበት ስፋትም ይቀንሳል። ሞተሩ ከኋላ በመሆኑ የኋላው ክብደት ብዙ ነው። ስለዚህ የኋላ ሾኮቹ የደከሙበት ቮልስዋገን ኩርባ ላይ ሳለ ጉብታ ቢያገኘው የኋላው ክፍል ሊያመልጥ ይችላል።

ስለምን አይታወቅም?

የሾክ እርጅና በአንድ ቀን አይመጣም። ዘይት የሚያግደው ጎማ ማኅተም ቀስ በቀስ ይበላል፤ ዘይቱ በጥቂቱ ይወጣል፤ ቫልቮቹ ይላላሉ። የዛሬው ከትናንቱ የተለየ አይደለም፤ የዘንድሮው ግን ከአምስት ዓመት በፊት ከነበረው እጅግ ይለያል። አሽከርካሪው ሳያውቀው ከኩርባ በፊት ይበልጥ ፍጥነት ይቀንሳል፤ መሪውን ደጋግሞ ያስተካክላል። ከዚህም የባሰው ድክመቱ እንደ ምቾት መቆጠሩ ነው፤ ሾኩ የሞተ መኪና በቀስታ ሲነዳ ለስላሳ ነው፤ «እንደ ጀልባ ነው የሚሄደው» እየተባለ ይመሰገናል። ይህ ልስላሴ አደጋ መሆኑ የሚታወቀው ልጅ ድንገት መንገድ ውስጥ ሲገባ ነው።

ምርመራው

ምርመራ የሚጀምረው በዓይን ነው። በሾኩ አካል ላይ ቀለል ያለ የዘይት እርጥበት ብቻ ቢታይ ፍርድ ለመስጠት አያስቸኩልም፤ ዘይቱ ወደ ታች ከወረደና አቧራ ከያዘ ግን ሾኩ አብቅቶለታል። ዘንጉ ታጥፎ ወይም ተፍቆ እንደሆነ፣ ሲሊንደሩ ተጎድቶ እንደሆነ፣ በሁለቱ ጫፎች ያሉት ጎሚኒዎች ተሰነጣጥቀው እንደሆነ ይታያል። በየጉድጓዱ የሚሰማ «ቋ» የሚል ድምፅ ብዙ ጊዜ ከጎሚኒው እንጂ ከሾኩ ውስጥ አይመጣም።

ቀጥሎ ጎማውን በእጅ መዳሰስ ነው። ጎማው በዙሪያው አንዱ ቦታ ጎድጎድ፣ ሌላው ከፍ እያለ ተበልቶ ከተገኘ ጎማው እየነጠረ መሄዱን ይመሰክራል። ከኮረኮንች ጉዞ በኋላ የሾኮቹን ሙቀት ማነጻጸርም ይጠቅማል፤ ከሌሎቹ ተለይቶ የቀዘቀዘ ሾክ ጉልበት ወደ ሙቀት አልለወጠም ማለት ነው። ይህን ስታደርጉ ግን ከጭስ ማውጫው ተጠንቀቁ።

የመኪናውን ማዕዘን ተጭኖ የመልቀቅ ልማድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ የሚወዛወዝ መኪና ሾኩ መድከሙ አያጠራጥርም። ተቃራኒው ግን እውነት አይደለም፤ በእጅ ስንገፋ ፒስተኑ የሚሄደው በዝግታ ስለሆነ በከፍተኛ ፍጥነት የሚከፈቱትን ቫልቮች አንፈትናቸውም። በተጨማሪ በአሮጌ መኪና ላይ የዛጉ መጋጠሚያዎች ራሳቸው መኪናውን ሊገቱት ይችላሉ። አስተማማኙ መንገድ ሾኩን አውርዶ፣ አቁሞ ይዞ በሙሉ ርዝመቱ መሳብና መግፋት ነው። መሃል ላይ ያለ ተቃውሞ የሚንሸራተት ባዶ ቦታ ካለ፣ ወይም ዘንጉ የሚይዝበት ቦታ ካለ መጣል አለበት።

ከዚህ ጋር ሾክ የማይፈታቸውን ችግሮች መለየት ያስፈልጋል። አንዱ ጎኑ ያዘነበለ ቮልስዋገን ችግሩ የደከመ ወይም የተሰበረ የሞላ ብረት ነው፤ አዲስ ሾክ አያቃናውም። መሪ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የጎማው ሚዛን፣ ኩሽኔታው፣ የፊት መጋጠሚያዎቹ፣ እንዲሁም ከመሪው ጋር አግድም የታሰረው ትንሹ የመሪ ሾክ በቅድሚያ ይታያሉ። ሳይመረምሩ ዕቃ መቀየር ገንዘብ ያባክናል፤ ከዚያም ይበልጥ ችግሩ የተፈታ እያስመሰለ ያዘናጋል።

ምርጫው

ሾክ የሚቀየረው በጥንድ ነው፤ ሁለቱ የፊት ወይም ሁለቱ የኋላ አብረው። አንዱ ብርቱ፣ አንዱ ደካማ የሆነ መኪና ፍሬን ሲያዝ በግራና በቀኝ እኩል አይያዝም።

በሁለተኛ ደረጃ ሞዴሉን ማወቅ ግድ ነው። የቮልስዋገን የፊት አካል በመልክ ተመሳሳይ ቢመስልም ከሥሩ ግን ተለዋውጧል። እ.ኤ.አ. ከ1966 ሞዴል በፊት በነበሩት ላይ የፊት ሾክ በሁለቱም ጫፎቹ ቀለበት አለው፤ ከዚያ በኋላ በመጡት ላይ የላይኛው ጫፍ በዳዶ የሚታሰር ዘንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው 1302 እና እርሱን የተከተለው 1303 ደግሞ ከፊት ፈጽሞ ሌላ አሠራር አላቸው፤ ሾኩ በጥምዝምዝ ሞላ ውስጥ ተቀምጦ የመሪውንም መዞሪያ ይይዛል። በዚህ ሞዴል ላይ ሞላው በመጭመቂያ መሣሪያ ሳይያዝ የላይኛውን ዳዶ መፍታት ሰው ሊገድል ይችላል። ይህን ሥራ መሣሪያውና ልምዱ ያለው ባለሙያ ብቻ ይሥራው።

በሦስተኛ ደረጃ «ጠንካራው ይሻላል» ከሚለው አስተሳሰብ መጠበቅ ነው። ሾክ ከሞላውና ከክብደቱ ጋር መመጣጠን አለበት። ለከባድ መኪና የተሠራ ሾክ በቀላሉ ቮልስዋገን ላይ ቢታሰር ጎማው መንገዱን ተከትሎ መውረድ ያቅተዋል፤ በኮረኮንች ላይ ከደካማው ባልተለየ ሁኔታ ከመሬት ይለያል፤ አሮጌውን ሻንሲና የሾክ መያዣውንም ያደክማል። በጋዝ ግፊት የሚሠሩ ሾኮች ዘይቱ አረፋ እንዳይሆን ስለሚከላከሉ ለረጅም ኮረኮንች ጠቀሜታ አላቸው፤ ሆኖም ጋዙ ዘንጉን ወደ ውጭ ስለሚገፋ መኪናውን በጥቂቱ ከፍ ያደርጉታል፤ ጠንከርም ይላሉ።

ከሌላ መኪና የተፈታ አሮጌ ሾክ መግዛት፣ ወይም ያለቀውን ቀዶ ዘይት መሙላትስ? ኢኮኖሚያዊ ምክንያቱ ይገባኛል፤ ዕቃ ውድ ነው፤ አንዳንዴም አይገኝም። ነገር ግን ዘይት መሙላት የተበላውን ማኅተምና የላላውን ቫልቭ አያድስም፤ የዘይቱ ውፍረትም ካልተመጣጠነ ሾኩ ለጥቂት ሳምንት የሚሠራ ይመስልና ይመለሳል። ሊፈታ ተብሎ የተሠራ ሾክ በሙያተኛ ሊታደስ ይችላል፤ ታሽጎ የተሠራን መቁረጥና መበየድ ግን፣ በተለይ ጋዝ ካለው፣ ለሠራተኛው ራሱ አደገኛ ነው።

ሥራው

አሁን ሞላው በሚጠመዘዝ ብረት ወደሆነው የተለመደ ሞዴል እንመለስ። አስቀድሞ፣ ቢቻል በዋዜማው፣ ብሎኖቹ በሽቦ ብሩሽ ተጠርገው ዝገት የሚያላላ ዘይት ይቀባሉ። መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቆማል። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን መሆኑን አትርሱ፤ የኋላው በሚነሣበት ጊዜ መኪናውን የሚይዘው በፊት ጎማዎች ፊትና ኋላ የተደረገው ታኮ ብቻ ነው። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። ሰው ከመኪና ሥር የሚገባው መኪናው በጠንካራ የብረት ድጋፍ ላይ ካረፈ በኋላ ብቻ ነው፤ ድንጋይና ጡብ ድጋፍ አይሆኑም።

ጎማው ከወጣ በኋላ ጎማውን የሚይዘው ክንድ በሁለተኛ ክሪክ በጥቂቱ ይደገፋል። ይህም ከብሎኑ ላይ ጭነቱን ያቀላል፤ ክንዱም ወርዶ የፍሬን ቱቦውን እንዳይወጥር ያደርጋል። ከኋላ የላይኛውና የታችኛው ብሎን ይፈታል፤ ሾኩም ይወጣል። ከፊት፣ በቀድሞዎቹ ሞዴሎች ላይ፣ የታችኛው ቀለበት የብረት ቡሽ ከክንዱ ችካል ጋር በዝገት ተጣብቆ ማስቸገሩ የተለመደ ነው። በመዶሻ ደጋግሞ መምታት ችካሉን ያጎድፋል፤ የተሻለው ጎሚኒውን አውጥቶ ቡሹን ችካሉን ሳይነኩ በጥንቃቄ መሰንጠቅ ነው። ሾኩ ይጣላል፤ ችካሉ ግን የመኪናው አካል ነው።

አዲሱ ሾክ ከመታሰሩ በፊት ከአሮጌው ጎን ተቀምጦ በርዝመትና በቀለበቶቹ ስፋት ይመሳከራል። በመደርደሪያ ላይ ተጋድሞ የቆየ ባለ ሁለት ቱቦ ሾክ በውስጠኛው ሲሊንደር አየር ስለሚገባበት ሲሊንደሩ ወደ ታች፣ ዘንጉ ወደ ላይ ሆኖ ብዙ ጊዜ በሙሉ ርዝመቱ ይሳባል፣ ይገፋል፤ ተቃውሞው ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል እስኪሆን ድረስ። መኪናው ላይም በዚሁ አቅጣጫ ይታሰራል። ዘንጉ በፒንሳ አይያዝም፤ በዓይን የማይታይ ጭረት ማኅተሙን በአጭር ጊዜ ይበላዋል።

የመጨረሻውን ማጥበቅ በተመለከተ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። ብሎኖቹ በእጅ ከገቡ በኋላ በፋብሪካው መመሪያ በተሰጠው ኃይል የሚጠብቁት ጎማው ክብደት ተሸክሞ፣ መኪናው በተፈጥሯዊ ቁመቱ ሳለ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ቢጠብቁ፣ መኪናው ሲወርድ ጎሚኒዎቹ እንደተጠመዘዙ ይኖራሉ፤ ዕድሜያቸውም ያጥራል። ከጥቂት ቀናት መንዳት በኋላ ጥብቀታቸው ዳግም ይታያል። የተጣለው ሾክ ዘይትም መሬት ላይ አይደፋም፤ ከሌላው ያለቀ ዘይት ጋር ይጠራቀማል።

ቅርስና ኃላፊነት

የአሮጌ መኪና ወዳጆች አንዳንድ ጊዜ «የመጀመሪያ ዕቃው ይጠበቅ» ይላሉ። አከብረዋለሁ። የአካሉ ቅርጽ፣ የሞተሩ አሠራር፣ የሠሪው የእጅ አሻራ የታሪክ ሰነድ ነው። ሾክ ግን ሲሠራ ራሱን እየጨረሰ እንዲሄድ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ነዳፊዎቹ ራሳቸው በብሎን ያሰሩት ተፈትቶ እንዲቀየር ነው። እንዲያውም ፋብሪካው በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች የኋላ ክፍል ላይ የነበረውን ባለ ክንድ ሾክ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ግድም ዛሬ በምናውቀው ቀጥ ያለ ሾክ ተክቶታል። ስለዚህ ያለቀ ሾክን ይዞ መጓዝ ለመኪናው ታማኝ መሆን አይደለም። በሙዚየም የቆመ መኪና የመጀመሪያ ሾኩን ይዞ ይቆይ፤ መንገድ የሚወጣ መኪና ግን ከአዲሱ መኪና እኩል መሬት የመርገጥ ግዴታ አለበት። ዜብራ ላይ የቆመ እግረኛ የመኪናውን የምርት ዘመን አይጠይቅም።

ለተማሪዎቻችን አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የማርገብን ስሌት ፈተና ለማለፍ ብቻ አትማሩት። በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጋራዥ ሂዱ፤ የተጣለ ሾክ ለምናችሁ ውሰዱ፤ አቁማችሁ ሳቡት፤ ባዶው ቦታ የት እንደሆነ በእጃችሁ ይሰማችሁ። ከዚያ አዲሱን ሳቡ። በሁለቱ መካከል የምታገኙት ልዩነት ከላይ ያየናቸው 35 ሜትሮች ናቸው።